የአማቴ በረኪና፣ የአንቺ ነጭ ጋዝ

ውድ እማዬ፣

ከወሬው ሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን ልጠይቅ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የአባዬስ ሳል ቀለል አለው? እኛ ዓይናችን ከመቅላቱ በቀር ደህና ነን። የቀላውም በልቅሶ አይደለምና አትደንግጪ።

አማቴ ሊጠይቁን መጥተዋል። መቼም በጽዳት ቀልድ እንደማያውቁ ታውቂያለሽ። ቅዳሜ መታጠቢያ ቤታችንን አይተው፣ እዚህ የሚገባው ሰው ሊታጠብ ነው ወይስ ሊቆሽሽ ብለው ጠየቁና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የሽንት ቤት ማጽጃውን አሲድ ደፉ፤ አልበቃ ቢላቸው በላዩ በረኪና ጨመሩበት። ሽታው በከንቱ እንዳይወጣም በሩን ዘጉ።

እኔ አንድ እጅጌው ገና ያልተሰፋ የደንበኛ ኮት ትከሻው መቀመጡን ለማየት ራሴ ለብሼው ሳለሁ ሳላቸውን ሰማሁ። በሩን ብከፍተው ዓይን የሚለበልብ ጢስ ተቀበለኝ። ግድግዳ ተደግፈው ያጣጥራሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አለቀላቸው ብዬ ነበር። ተሸክሜያቸው ደረጃውን ወርጄ ነፋስ ሲያገኙ መጀመሪያ ያሉት ግን "ገና አልፈገፈግኩትም" ነው። ባለ አንድ እጅጌ ኮት ለብሼ አማቴን ተሸክሜ ያየኝ ጎረቤት ምን እንዳሰበ እሱ ይወቀው።

ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሐኪሟ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ እንደሚወጣቸው አስረዳች። አማቴ ግን፣ ሁለቱም ጎበዝ ከሆኑ አብረው ቢሠሩ ምን ክፋት አለው ብለው ተከራከሩ።

"እማማ፣ ለየብቻ ጎበዝ ናቸው፤ ሲገናኙ ነው ሰው የሚፈጁት" አለቻቸው ሐኪሟ።

ጭንብሉን ገለጥ አድርገው ወደ እኔ ዞሩና "እንደ እኔና እንደ እናትህ በለኛ" አሉኝ። ባለቤቴ ሳቅና እንባ ተደባለቀባት።

በማግስቱ ግን ስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብለው ሌላ ነገር ነገሩኝ። ለሠርጋችን የመጡ ጊዜ፣ ጓዳሽ ውስጥ ነጭ ጋዝ በለስላሳ ጠርሙስ ተሞልቶ ከመጠጥ ውኃው ጎን ተቀምጦ አይተዋል። "ያኔ ብናገር ነገር ፈላጊ እባላለሁ ብዬ ዋጥኩት፤ አሁን ግን ጻፍላቸው" አሉኝ።

እማዬ፣ የእህቴ ልጅ መራመድ ጀምራለች። የተጠማ ሕፃን ጠርሙስ አይመርጥም፤ ጋዙ ደግሞ ትን ካላት ሳንባዋ ይገባል። ዛሬውኑ ወደ ራሱ ዕቃ መልሺውና ከፍ አድርገሽ ቆልፊበት። ከዱቄቱ አጠገብ የምታስቀምጪውን የአይጥ መርዝም ከዚያ አንሺው።

አባዬን ጉልበትህን ስሜያለሁ ብሎሃል በይልኝ። እህቴን ናፍቄያታለሁ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ እጅ ትነሣለች። አማቴም ሰላም ብለውሻል። ትንፋሻቸው ገና አጭር ስለሆነ ሰላምታቸውም አጭር ነው፤ ከልባቸው መሆኑን ግን እኔ እመሰክራለሁ።

ልጅሽ ልብስ ሰፊው
መስኮቱ ሁሉ ከተከፈተው ቤታችን፣ ኅዳር 12 ቀን