ጃለታን ቆልፈው ለያዙት ሥራ አስኪያጅ

ስንሠራበት የኖርነውን የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከነሠሪ ድርጅቱ ገዝተው ለጠቀለሉት፣ ባሕር ማዶ ለሚገኙት ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም ልጆችዎ፣ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የቡራዩ ሰዎች፣ ክረምቱ መንገዱን ጭቃ ከማድረጉ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

ስሜ ሕዝቅያስ ይገዙ ይባላል፤ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ ፎቶ ቤት አለኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ሞተ ተብሎ ከቤተሰብ ፎቶ አይቀርም። ልጅ ሲመረቅ ወይም ሲዳር የሟቹን ጉርድ ፎቶ ያመጡልኛል፤ እኔም ምስሉን ከጀርባው ለይቼ፣ ሱፍ አልብሼ፣ ከቆሙት ጎን አቆመዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በዚህ ሥራ፣ በእርስዎ ፕሮግራም ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያኔ የእርስዎ አልነበረም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ድርጅቱን በገዙ በወሩ "አሻሽለነዋል" የሚል መልእክት ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። በዕለቱ ለፈተና ጉርድ ፎቶ የሚነሡ ተማሪዎች በሩን አጨናንቀውት ስለነበር፣ ሳላነብ "እስማማለሁ" የሚለውን ተጫንኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማን አታንብብ አለህ ቢሉኝም ልክ ነዎት።

ሁለተኛ፤ አዲሱ ፕሮግራም በአሮጌው ያስቀመጥኳቸውን ሥራዎች "አላውቃቸውም" ስላለኝ፣ አሮጌውንም ሳልጠይቀው ከኮምፒውተሬ ጠርጎ ስላወጣልኝ አመሰግናለሁ። ለቢሮዎ ደጋግሜ ጽፌ፣ በጻፍኩ ቁጥር "መልእክትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው" ተብያለሁ፤ ወይ ጉድ፣ በዕድሜዬ እንዲህ የተከበርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ሰንብቷል። ጎረቤቴ አዴ ድንቅቱ ወንድ ልጃቸውን ጃለታን በሰበታ መንገድ በመኪና አደጋ አጡ። ስልኩም አብሮት ደቀቀ፤ የቀረችው አንዲት ጉርድ ፎቶ ነበረች። እሷን በአሮጌው ፕሮግራም አቀናብሬ ላትምላቸው ስል፣ ግድግዳ ላይ ካየሁት አብዳለሁ፣ እህቱ ኡርጂ እስክትመረቅ አንተው ጋ ይቀመጥልኝ አሉኝ። እኔም አይዞዎት፣ እኔ ጋ አይጠፋም አልኩ። ጉርዷ ፎቶ እናቱ ሲስሟት ሲስሟት ተልጣ ነጭ ወረቀት ሆናለች። አሁን ጃለታ ያለው በዚያ እርስዎ በዘጉት ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

ኡርጂ ሰኔ ላይ ተመረቀች። ፎቶ ስትነሣ፣ ማንም ሳይነግራት፣ በቀኟ በኩል አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ትታ ቆመች። እናቷ ፎቶውን ሊወስዱ ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ መብራት የለም ብዬ መለስኳቸው። በሁለተኛው ቀን አምፖሉ ከራሴ በላይ ይበራ ነበር። ቀና ብለው አዩትና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ አሮጌውን ፕሮግራም ለአንዲት ቀን ብቻ ይክፈቱልኝ፣ ጃለታን አውጥቼ ራሴው መልሼ እዘጋዋለሁ።

ያልጠየቅነውን ስለሰጡን፣ የነበረንንም ስላቀለሉልን፣ በሰፈራችን ቋንቋ ገለቶማ እያልኩ፣ ለጥ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ሳያነብ የተስማማ ደንበኛዎ፣

ሕዝቅያስ ይገዙ፣ ከቡራዩ

ማስታወሻ፦ አዲሱ ፕሮግራምዎ በቃል የነገሩትን ሰው ወዲያው እንደሚሥል ስላወጁ፣ ትናንት ጃለታን ነገርኩት፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ጥርሰ ፍንጭት። በአፍታ አንድ ወጣት ሣለልኝ። አዴ ድንቅቱ ድንገት ገብተው ስክሪኑን አዩት፤ ጠጋ ብለው ተመለከቱና፣ ይሄ መልከ መልካም የማን ልጅ ነው፣ እናቱ አትጣው ብለው መረቁት።