በቁሙ ያወጣሁለት ተዝካር

ሰኞ፣ የካቲት ሚካኤል

የወንድሜን የታደሰን ተዝካር ያወጣሁት እሱ ወለጋ በሕይወት እያለ ነው። ይኸው ጻፍኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩትም።

መሬት ተለክቶ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ኮሚቴው «ወንድምህስ?» አለኝ። «ሞቷል» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ፤ ከአባታችን የቀረውን የወንዙን ዳር መሬት ለብቻዬ ፈልጌ ነው። ሞተ ካሉ ደግሞ ልቅሶ መቀመጥ አለ፣ ፍትሐት አለ፣ ተዝካር አለ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ጥሩነሽ ጌሾውን እየወቀጠች አለቀሰችለት። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ካህናቱ ፈቱት፤ አገሩ በላ፣ ጠጣ።

በስድስተኛው ወር ከታደሰ ደብዳቤ መጣ። «ደህና ነኝ፣ በቆሎው ይዞልኛል» ይላል። በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ከተትኩት።

ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ ወሬ ሰማሁ። አንዲት ሴት ከነልጇ ከቡሬ መጥታ የታደሰ ሚስት ነኝ ትላለች አሉ።

ማክሰኞ

አየኋት። ስሟ ይመኙሻል ነው። ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ግጥምጥሙ ቅንድብ የታደሰ ነው። ታደሰን ባለፈው ክረምት ታጣቂዎች ቤቱ ደጃፍ ላይ ገደሉት። እነሱ አምልጠው ቡሬ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው ከረሙ። አሁን እዚያም ተኩስ ሆነና መጠለያው ተበተነ።

እኛ ሰፈር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ወዲህ ሽማግሌዎች ደንብ አውጥተዋል፤ ዘመድ የማይመሰክርለት እንግዳ አያድርም። ሰብሳቢው ጫኔ ሰው ፊት ጠየቃት።

«ታደሰ ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው። ተዝካሩን እኔ ራሴ በልቻለሁ። ይቺን ከመቃብር ወጥቶ ነው የወለዳት?»

ሰው ሳቀ። አንዱ «ሰላይ እንዳትሆን» አለ። ሳቁ ቆመ።

ጫኔ ወደ እኔ ዞረ። «ውበቴ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

«አላውቃቸውም» አልኩ።

እስከ ኪዳነ ምሕረት ቀን ሰጧቸው። ከዚያ ወደ መጡበት ይመለሱ ተባለ። እስከዚያው ደጀ ሰላም ያድራሉ።

ረቡዕ

ከፍኖተ ሰላም መኪና ከቀረ ሦስተኛ ቀኑ። ስልክም የለም። ረፋድ ላይ ከወንዙ ማዶ ከባድ መሣሪያ ጮኸ፤ በሬዎቼ ከነቀንበራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። የማርሰው ያንኑ መሬት ነበር።

ምንድን ነው የምፈራው? መሬቱን ማጣት። ሰው ፊት መዋረድ። ዘንድሮ ደግሞ ዋሸ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት አይታወቅም። ግን እነሱን በዚያ መንገድ ከመለሷቸው የሚደርስባቸው ይታወቃል።

ጥሩነሽ እስክትሞት ድረስ በየጸሎቷ «የታደሰን ነፍስ ማርልኝ» ትል ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ አሜን እላለሁ።

ሐሙስ

ቆሎ ቋጥሬ ደጀ ሰላም ሄድኩ። ይመኙሻል ተነሥታ ተቀበለችኝ። ልጅቱ አልተነሣችም።

«አያ ውበቴ፣ አንቱን ለማስቸገር አልመጣንም» አለች።

ቆሎውን ፊቷ አስቀመጥኩ። እሷው ቀጠለች።

«ታደሰ ያውቅ ነበር። ከዚህ የመጣ ነጋዴ ነገረው። ‹ጠላው ቀጥኖ እንዳያሳፍረኝ ብቻ› ብሎ ሲስቅ ዋለ። ራቱን ግን አልቀመሰም። አገርህ እንሂድ ስለው ‹ተዝካሬን የበላ ሰው ዘንድ ምን ብዬ እገባለሁ› ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ማክሰኞ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቱን አዋርጄ አንቱ ደጅ ልደር? አደራም ብሎኛል። ‹እሱ ራሱ ካልተናገረ አትናገሪ› ብሎ።»

ልጅቱ ቀና አለች። «እኔን አደራ አላለኝም» አለች።

እናቷ በዓይኗ ገሠጸቻት።

ከዚያው ወደ ነፍስ አባቴ ወደ አባ መዝገቡ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ያን ፍትሐት የፈቱት እሳቸው ናቸው።

«ስግደት እሰጥህ ነበር» አሉ። «በጓዳህ ብትሰግድ ለእነሱ ምን ይጠቅማቸዋል? በአደባባይ ያጎረስከንን በአደባባይ አስተፋን።»

ዓርብ፣ ኪዳነ ምሕረት

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሳይበተን ጋቢዬን አደግድጌ ቆምኩ። ደብዳቤውን ለአባ መዝገቡ ሰጠኋቸው። የተጻፈበትን ቀን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ወንድሜ ያኔ አልሞተም ነበር» አልኩ። «ለመሬቱ ብዬ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ይቺ ሚስቱ ናት፣ ይቺ ልጁ ናት። መስካሪያቸው እኔ ነኝ።»

ጫኔ አፍጥጦ አየኝ። «የሕያው ሰው ተዝካር ነው ያበላኸን?»

«አዎ።»

ምራቁን እንትፍ ብሎ ሄደ። ሌሎቹም ሳይሰናበቱኝ ተከተሉት። አይደሩ ያለ ግን የለም።

ወደ ቤት ከመግባታችን በፊት መሬቱን ለመክፈል ገመድ ይዘን ወንዝ ዳር ወረድን። በዓል ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አባ መዝገቡ «ገመድ መዘርጋት እርሻ አይደለም፣ ድንጋይ ማስቀመጥም አይደለም» አሉኝ። ልጅቱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ያዝን።

«ላልቷል» አለችኝ። ወጠርኩት።

ከማዶ እንደገና ጮኸ፤ ከረቡዕ ይልቅ ቀርቧል። ይመኙሻል ጎንበስ አለች። ልጅቱ ገመዱን አልለቀቀችም። መሬቱን እኩል ከፈልኩት፤ መካከሉ ላይ የታደሰን ድንበር ድንጋይ አስቀመጥኩ።