ከሁለቱም ወገን የሚታይ ዝምድና፦ የወይዘሮ ገደማ የሕይወት ታሪክ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «ወይዘሮ ገደማ» እያሉ የሚጠሯቸው፣ ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችንና እህታችን፣ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ከነበሩት አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። «ገደማ» የምትለዋ ቃል በስህተት የገባች አይደለችም። እናታቸው «ልጅሽ መቼ ተወለደች?» ሲባሉ «ወንዙ ድልድዩን የወሰደ ጊዜ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም፤ ወንዙ ደግሞ ድልድዩን ሁለት ጊዜ ወስዶታል። እሳቸውም ባላረጋገጡት ነገር ላይ የማይፈርሙ ሰው ስለነበሩ፣ በሞሉት ቅጽ ሁሉ ላይ ከልደት ዓመታቸው ቀጥሎ «ገደማ» እያሉ እየጻፉ ኖሩ። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ።

ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ናት። ስለ ራሷ «እሷ» እያለች የምትጽፈው ትሕትና ይዟት ሳይሆን እሳቸው እንዲያ ስላስተማሯት ነው። በልጅነቷ አንድ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ «እኔና እታለም» ብላ ጽፋ ነበር። ታላቋ በላጲስ አጠፉት። «ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ‹እኔ› ማን እንደሆነች በምን ያውቃል? የማን ምን እንደሆንሽ ጻፊ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ራሷን እንደ ሌላ ሰው መጻፍ ለመደች።

በ1958 ዓ.ም. ሁለት ነገር ባንድ ዓመት መጣላቸው፤ ትምህርት ቤትና ታናሽ እህት። ቤተሰቡ የሚኖረው ከእናታቸው ስፌት ቤት ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነበር። እናት የመኪናውን ፔዳል ሲረግጡ ሕፃኗን የመያዙ ሥራ የታላቅየዋ ሆነ። ጠዋት ተምረው፣ ከሰዓት ሕፃኗን አዝለው፣ ደብተራቸውን በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ እንደቆሙ የቤት ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ሕፃኗ «እማዬ» ከማለቷ በፊት «እታለም» አለች ይባላል። ይህንን እንኳ ያረጋገጠ የለም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1970 ዓ.ም. አጠናቀው፣ በ1972 ዓ.ም. በቤተ መጻሕፍት ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በፎቶግራፍ መዝገብ ቤት ተቀጠሩ። የሥራ ክፍላቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ የተጋረደ፣ የብረት መሳቢያዎች እስከ ጣሪያ የተደረደሩበት ነበር። እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጻሉ፤ ነጭ የጥጥ ጓንታቸውንም ቤት ሲገቡ አጥበው በወጥ ቤቱ ወንበር መደገፊያ ላይ ያሰጣሉ። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ጓንቱ እስኪነሳ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።

ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙት በመዝገብ ቤቱ ሊፍት ውስጥ ነው። አንድ ቀን የመስታወት ኔጋቲቭ የሞላ ሳጥን ይዘው ሲወጡ ሊፍቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ አለ። ኋላ ባላቸው የሆኑት የጥገና ባለሙያ በሩን ፈልቅቀው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እሳቸው መጀመሪያ ሳጥኑ ካልወጣ አልወጣም ብለው ድርቅ አሉ። በ1975 ዓ.ም. ተጋቡ። ባለቤታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው «ያገባሁት ሳጥኑን ነው፤ እሷ ተከትላው መጣች» ይሉ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ዛሬ ፋርማሲስት የሆነችውን አንዲት ሴት ልጃቸውን ወለዱ። ባለቤታቸው በ2002 ዓ.ም. ቀደሟቸው።

የቤተሰብ ታሪክ ሲነበብ የሚዘለል ዓመት አይጠፋም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊዘለል የሚችለው 1997 ዓ.ም. ነበር፤ ነገር ግን ባለታሪኳ መዝለልን ስለማይወዱ አይዘለልም። በዚያ ዓመት እናታቸው በጠና ታመሙ። ታናሽ እህታቸው የአንድ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኝ ሌላ ከተማ መምህርት ነበረች፤ በማታው ክፍለ ጊዜ ስትማር የቆየችው ትምህርት የመጨረሻ ፈተናም ደርሶባት ነበር። እናት «ልጄ ፈተና ላይ ናት፤ እንዳትነግሯት» ብለው ታላቋን ቃል አስገቡ። ቃል የእምነት ዕዳ ነውና እሳቸው አልነገሯትም። እናት በአራተኛው ቀን አረፉ። ታናሽ ስትደርስ ቀብሩ አልፎ፣ ለሐዘንተኛ የተከራዩት ወንበሮች ጭነት መኪና ላይ ሲጫኑ ነበር። ወንበር በሚያነሱት ሰዎች ፊት ታላቋን «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አለቻቸው። ታላቋ እናታቸው እንዳዘዙ መናገር ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን በሟች ላለማመካኘት ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት። ታናሽ ይህን ያወቀችው ከትናንት በስቲያ፣ ከእኅቷ ልጅ አፍ ነው።

በ2006 ዓ.ም. መዝገብ ቤቱ ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር ለማዞር አዲስ ሶፍትዌር ገዛ። ቀድሞ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ የራሱ ካርድ ስለነበረው፣ አንዲት አዋላጅ በአርባ ፎቶግራፍ ላይ ብትኖር አርባ ጊዜ እንደ አዲስ ሰው ትጻፍ ነበር። አዲሱ ሶፍትዌር ግን ሰውን አንድ ጊዜ በራሱ ገጽ ይመዘግብና፣ ፎቶግራፍን ከሰው፣ ሰውን ከቦታ፣ ሰውን ከሰው በዝምድና ያያይዛል። ለዚህ ደግሞ የዝምድናውን ዓይነት ሁሉ አስቀድሞ የሚደነግግ ባዶ ቅጽ፣ ባለሙያዎቹ ቴምፕሌት የሚሉት፣ መዘጋጀት ነበረበት። ይህን ሥራ ለወይዘሮ ገደማ ሰጧቸው። በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ገደማ ማለት ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ፤ ዝምድና ማያያዝ ምን ያቅተኛል?» ብለው ሳቁ አሉ።

በቅጹ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ዝምድና «ከ» እና «እስከ» የሚሉ ሁለት የቀን ቦታዎች ይሰጣል። እሳቸው ለጋብቻና ለሥራ ሁለቱንም እንዳሉ ተዉ፤ ለወላጅና ለእኅት ግን «እስከ» የሚለውን ከቅጹ አወጡት። አሠልጣኙ «አንደኛው ሲሞትስ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ሰውየው ይሞታል እንጂ እኅትነቱ በምን ይሞታል?» አሉት። ክርክሩ ያንኑ ቀን አለቀ።

ቅጹን ለመሞከር የአንድ ቤተሰብ መረጃ ያስፈልግ ነበር፤ የራሳቸውን አስገቡ። አባት፣ እናት፣ ታላቅ፣ ታናሽ። አራቱንም በስፌት ቤቱ በር ላይ ከተነሱት ፎቶግራፍ ጋር አያያዙ። ያኔ ታናሽ ካነጋገረቻቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር።

ከዚያ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰዎችን መዘገቡ። በ2009 ዓ.ም. አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን ገጽ ለማየት መጡ። ባልየው ጫማ ሰሪ ነበሩ። ገጹ ተከፈተላቸው፤ ሱቁ አለ፣ ፎቶግራፎቹ አሉ፣ ሚስት የለም። በራሳቸው ገጽ ላይ ባል ተጽፎላቸዋል፤ በባላቸው ገጽ ላይ ግን እሳቸው የሉም። «አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ እዚህ ላጤ ነው እንዴ?» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ጥፋቱ የወይዘሮ ገደማ ነበር። ቅጹን ሲያዘጋጁ ዝምድናው ከወዲያኛው ወገን ምን ተብሎ እንደሚታይ የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ ትተውት ኖሯል። ልጆች አባት አላቸው፤ አባቶች ልጅ የላቸውም። ዝምድናው ሁሉ በአንድ ወገን ብቻ ቀርቶ ነበር።

ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ቅጹን ማረም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ የተመዘገቡትን ግን እያንዳንዱን ገጽ ከፍቶ ማረም ግድ ሆነ። አሥራ አንድ ወር ፈጀ። ረዳት እንስጥዎት ሲባሉ «ያጠፋሁት እኔ፣ የሚያርመው ሌላ?» ብለው እምቢ አሉ። ለባልቴቷም በራሳቸው እጅ የታተመ ገጽ ይዘውላቸው ቤታቸው ድረስ ሄዱ።

በዚያው ጊዜ አንድ ደንብ ጨመሩ። በሕይወት ያለ ሰው ዝምድናው በገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት ራሱ እንዲያረጋግጥ መልእክት ይላክለታል። ማንንም በግድ የማንም ዘመድ አላደርግም አሉ። ሁሉንም አርመው ሲጨርሱ ያልታረመ አንድ የሙከራ ቤተሰብ ቀረ። ለታናሽ እህታቸው መልእክቱን በ2010 ዓ.ም. ላኩላት። «ከዚህ በታች የተገለጸው ዝምድና ትክክል መሆኑን ያረጋግጣሉ?» ይላል። የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ መስሏት አለፈችው። በ2012 ዓ.ም. ዳግመኛ መጣ። ያኔ አውቃዋለች፤ አውቃም አጠፋችው። ሦስተኛው ባለፈው መጋቢት ደረሳት። ስታመነታ «ነገ» አለች።

ወይዘሮ ገደማ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ነገር ግን በኮንትራት እስከ ባለፈው መጋቢት ሠርተዋል። የጉበት ሕመም እንዳለባቸው የታወቀው ከስምንት ወር በፊት ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጃቸውን «እኔ የእናቴን ስህተት አልደግምም፤ ንገሪያት» አሏት። ልጃቸውም ሰኔ 12 ቀን ደውላ ለአክስቷ ነገረች። አክስቷም «ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ናቸው፤ አርብ ሲያልቅላቸው ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች። ያኔ ፈተና አለባት ተብላ ባለመጠራቷ አሥራ ሰባት ዓመት ተቀይማ ኖረች፤ አሁን ተጠርታ ሳለ ፈተና አለብኝ ብላ ቀረች። ይህን ራሷ ትጽፈው ዘንድ ግድ ነው፤ ሌላ ሰው ቢጽፈው ያለሰልሰዋል።

ወይዘሮ ገደማ ማክሰኞ ሰኔ 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠዋት አረፉ። በዚህ ቀን ላይ «ገደማ» የለበትም። ልጃቸው እንደምትለው ሰኞ ዕለት ሁለት ጊዜ «ቅዳሜ ስንት ቀን ቀረው?» ብለው ጠይቀዋል።

ታናሽ እህታቸው ረቡዕ ደረሰች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ትናንት ሐሙስ፣ ስካነር ላይ የምትሠራው ባልደረባቸው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወስዳ በእሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ጓንታቸው መሳቢያው ውስጥ ታጥፎ ነበር። ባልደረባቸው «ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚከፍቱት ይህን ነበር፤ መልስ መጥቶ እንደሆነ ለማየት» አለችና ገጹን ከፈተችላት። የስፌት ቤቱ በር፣ እናት፣ አባት፣ የሰባት ዓመት ልጅና ጀርባዋ ላይ የታዘለች ሕፃን። ከሥሩ «ታናሽ እህት፤ ማረጋገጫ በመጠበቅ ላይ» ይላል። ታናሽ አረጋገጠች። በሁለቱም ገጽ ላይ፣ ባንድ ጊዜ፣ ወጣ። ቀጥሎም ባልደረባቸው በታላቋ ገጽ ላይ የሞቱበትን ቀን ጻፈች። ዝምድናው ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ «እስከ» የሚል ቦታ የለውም።

ወይዘሮ ገደማ አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ ከሁለቱም ወገን ዘመዳቸው የሚታይላቸው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰዎች፣ እና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። ባልደረቦቻቸውንና ሲያስታምሟቸው የከረሙትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ማንንም ሰው ሳይመዘገብ እንዲቀር ያልፈቀዱትን እኚህን ሴት፣ ፈጣሪ በማይጠፋው መዝገቡ ጽፎ፣ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ይቀበልልን።

የዚህ ታሪክ ጸሐፊ የታላቋን ደንብ እስከዚህ ድረስ ጠብቃለች። አንድ ጊዜ ትጥሰው ዘንድ ይፈቀድላት።

እኔ ነኝ፣ እታለም። አረጋግጫለሁ።