የሳጥኑ ክዳን

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ፣ ከአባ ሱቅ
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአኒስ ተማም፣ ዱባይ

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታው የአላህ ስለሆነ ነው የጻፍኩት እንጂ ዛሬ ላንተ የሚሆን ሰላም የለኝም። እንዴት ነህ ብዬም አልጠይቅህም፣ እንዴት እንደሆንክ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ታይዋን በሙሉ አይቶሃል። ከጫማ ሻጩ ጀምሮ ሻይ እስከምታፈላው ሴትዮ ድረስ ስልኩን ይዞ እየመጣ «ሑዳ፣ ወንድምሽን አየሽው?» ያላለኝ የለም። አየሁት አቦ! ሱፍ ለብሶ፣ የፈጠራ ውድድር መድረክ ላይ ቆሞ፣ የኔን ሳጥን ታቅፎ ሲያጨበጭቡለት አየሁት!

ስልክ ያልደወልኩት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ባለፈው «አንተ ሌባ» ከማለቴ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብህ። ጎረቤታችን ጃማዕ ነገ ለሱቁ ስልክ ሊገዛ ወደዚያ ስለሚበር ይህን ደብዳቤና አንድ የታሸገ ዕቃ ሰጥቼዋለሁ። ዕቃውን ሳታነብ እንዳትከፍተው። ጃማዕን «አንብቦ እስኪጨርስ ፊቱ ተቀመጥ» ብዬዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ተቀመጥ ከተባለ ይቀመጣል።

መድረኩ ላይ ምን አልክ? «እናቴን ካጣሁ በኋላ ድምፅዋን ለመስማት ብዬ ይህን ሳጥን ሠራሁ።» አንተ? ካቻቢቴ በየትኛው ጫፉ እንደሚያዝ የማታውቀው? አባ ሱቅ ውስጥ እርዳኝ ሲልህ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ካርታ ስትጫወት ያደግከው? ወላሂ፣ ያን ስትል ዓይንህ እንኳ አልተርገበገበም።

ከረሳኸው ላስታውስህ። አጎታችን ከጅዳ ጠቅልሎ ሲመጣ ያንን ካሴት ያስቀመጠው እኔ እጅ ላይ ነው። ኡሚ፣ አላህ ይርሐማት፣ ከሃያ ዓመት በፊት በድምፅዋ የላከችለት ደብዳቤ። ያኔ መጻፍ የማይሆንለት ሁሉ ካሴት ቀድቶ ነበር የሚልከው። ቴፕ ውስጥ ከትቼ ስከፍተው ዝዝዝ ብቻ። መብራቱ ወርዶ እያለ የቀዳችው ስለሆነ ዝዝታው ድምፅዋን ውጦታል። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው የታገልኩት። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ድሬ ሱቁን ዘግቶ ሲተኛ እኔ ማራገቢያ እንኳ ሳልከፍት እቀመጥ ነበር፣ ማራገቢያው ራሱ ዝዝታ ይጨምራላ! ላቤ ጠብ እያለ፣ ከተጣለ ዴክና ከተቃጠለ ሞንታርቦ ዕቃ እየነቀልኩ፣ እየበየድኩ፣ እንደገና እየነቀልኩ። አንድ ቀን ሳጥኑን ከቴፑ ጋር ሳገናኘው ዝዝታው ቀጥ አለ። «ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ» አለች ኡሚ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ይመስል። አባ ውጭ በረንዳው ላይ ነበር፣ ጫማውን ሳያደርግ ሮጦ ገባና ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ለኡሚ ብቻ አልቀረም። የሠርግ ሞንታርቦ ላይ ሞከርነው፣ ዝዝታውን አጠፋው። የድሮ የሠርግ ቪዲዮ የሚያሳይ ዴክ ላይ ገጠምነው፣ ምስሉ ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚሮጠው መስመር ጠፋ። ሰው ከሐረር ድረስ መጥቶ ሥሪልኝ አለኝ። ቆይ፣ ትንሽ ይግላል፣ እሱን ላስተካክል እያልኩ ነበር።

የአባን ልማድ ደግሞ አላውቅም አትለኝም። የጠገነውን ዕቃ ሁሉ ክዳኑን ገልብጦ፣ ውስጡ ላይ ስሙንና ቀኑን በሚስማር ይጭራል። የትም አገር ሄዶ ሌላ ሠራተኛ ሲከፍተው «ይሄ የተማም እጅ ነው» ይላል። ሳጥኑን ስጨርስ እኔም ሚስማሩን አንስቼ ነበር። አባ እጄን ያዘኝ። «ተይ ልጄ፣ የሴት ስም ካዩበት ገበያው አያምነውም፣ ትንሽ ይቆይ» አለኝ። እኔ ሞኟ እሺ ብዬ ሚስማሩን አስቀመጥኩ። አንተም ለዒድ መጥተህ «ለጓደኞቼ አሳይቼ እመልሳለሁ» ብለህ ሳጥኑን ከነካሴቱ ስትወስድ የማንም ስም የሌለበት ክዳን አገኘህ። ለሌባ ምን ይመቻል ሌላ!

ይሄን ሁሉ ግን እችለው ነበር። ያልቻልኩት የቆረጥከውን ነው። የኡሚን ድምፅ ለአዳራሹ አሰማህ፣ ሰዉ እንባውን ጠረገ። «ልጆቹ ደህና ናቸው» ስትል ዘጋኸው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የት አደረስከው? እኔ በቃሌ ነው የማውቀው። «ሑዳ! ተይ ያንን የጋለ ብረት፣ ጣትሽን ታቃጥያለሽ! ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ የአባቷን ሬዲዮ ፈታታ ጨረሰችው እኮ፣ አንድ ቀን ጉድ ታሳየናለች» ነው የምትለው። ከሩቅ የኔ ድምፅ ይሰማል፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ «ቆይ ኡሚ፣ ልጨርስ!» እያልኩ። ሳጥኔን ውሰድ፣ ይሁን። ከእናቴ አፍ ላይ ታወጣኛለህ? እጅህ እንዴት ታዘዘልህ አንተ?

አባ ደግሞ ይባስ ብሎ በገበያው «የልጄ ሥራ ነው» እያለ ሲዞር ሰነበተ። «ዝም በይ ሑዳ፣ የሱ ስም የኛም ስም ነው» ይለኛል። እሱንም አኮረፍኩት። አንድ ሱቅ ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተን ስንሠራ ደንበኛው ሁሉ ታዘበን።

ከዚያ ሰኞ ዕለት ለአባ ደወልክ። ለይቅርታ መስሎኝ ጆሮዬን አቆምኩ። አንተ ግን «ሳጥኑን ሊገዙ የሚፈልጉ የኩባንያ ሰዎች ግንቦት አሥራ አምስት ከፍተው ሊያዩት ነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መሥራት አለበት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ሑዳን ምን እንደማደርግ ጠይቅልኝ» አልከው። ሳቅኩ። «ይቃጠልበት!» አልኩ ጮክ ብዬ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ውርደትህን ቀድሜ ልየው ብዬ ያንን ቪዲዮ እንደገና ከፈትኩት። ያኔ ነው ያየሁት። ቴፑን ሳጥኑ ላይ ነው የቆለልከው! የኡሚ ካሴት ውስጡ እያለ፣ በዚያ ግለት ላይ! ያ አላህ፣ ስልኩን ይዤ ወደ አባ ሮጥኩ። ካሴት በግለት እንደሚጨማደድ ለማወቅ የሬዲዮ ጠጋኝ ልጅ መሆን እንኳ አያስፈልግም። ቅጂ ደግሞ የለኝም። ሳላጠራው ብቀዳው ዝዝታውም አብሮ ይቀዳል፣ ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ አንዴ ንጹሕ አድርጌ እቀዳዋለሁ ብዬ አቆየሁት። የኡሚ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው እዚያች ካሴት ላይ ብቻ ነው፣ እሷም ባንተ እጅ ናት። አባ ወዲያው ደውሎ ቴፑን አንሳው ሲልህ «አንስቻለሁ» አልከው። አላምንህም። እንዴት ብዬ ልመንህ?

ስለዚህ ዕቃውን ክፈተው። አዲስ ክዳን ነው፣ ከአሮጌ ዴክ ጀርባ የቆረጥኩት አሉሚኒየም። የድሮው ፕላስቲክ ስለሆነ ግለቱን አፍኖ ይይዘዋል። ይሄኛው ውስጥ ያለችውን የምትግል ትራንዚስተር ነክቶ ግለቷን ወደ ውጭ ይስባል። ማያያዣው አራት ብሎን ነው፣ ካቻቢቴውን ጃማዕ ያሳይሃል። ላንተ ብዬ አልሠራሁትም። ሳጥኑ ቢነድ ያች ካሴት አጠገቡ ናት፣ ለሷ ብዬ ነው።

አሁን ገልብጠው። የማንን እጅ አየህ?

ትናንት ክዳኑን ቆርጬና ሞርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የዐስር ሶላት ልሰግድ ሄጄ ነበር። ስመለስ አባ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ያንን ሚስማር ይዞ አጎንብሷል። እጁ እንደ ድሮው አይደለም፣ «ሑ»ን ሁለቴ ነው የጫራት። «ይህን ሑዳ ተማም ሠራችው። ድሬዳዋ።» በሱ ጽሑፍ፣ ሠላሳ ዓመት የራሱን ስም ብቻ ሲጭር በኖረው እጁ። ቀና ብሎም አላየኝም። «ያች ወንድምሽ የቆረጣት ቦታ ላይ እናትሽ ምን ነበር ያለችው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ክዳኑን በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝና «ለጃማዕ ስጪው» አለኝ።

ካሴቱን ለጃማዕ ስጠው፣ በኪሱ ይዞት ይመጣል። ይዞት ካልመጣ የኔ ወንድም አይደለህም፣ አለቀ። ደግሞ ከስተሃል፣ ሱፉ ትከሻህ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የምትበላው የለም እንዴ እዚያ? አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ልብህንም ይመልስልህ።

ፕላስቲኩን ከገጠምክ በሰዎቹ ፊት ይቃጠላል። የኔን ከገጠምክ ሁለት ሰዓት አይደለም ሁለት ቀን ይሠራል። ግን ሰዎቹ ከፍተው ሊያዩት ነው የሚመጡት፣ ክዳኑን ይገለብጡታል። አማርኛ አያነቡም። ጣታቸውን ጭረቱ ላይ አድርገው «ይሄ ምን ይላል?» ይሉሃል።

አንብብላቸው።

እኅትህ
ሑዳ ተማም