ጉበቴና የሮማውያን ዝይ

ሰኞ፣ ጥር 4
መዝገበ ቃላታችን «ጉ» ደረሰ። ለየቃሉ የፈረንጅ አቻውን ፈልጎ የአቻውን ዘር መቁጠር የኔ ድርሻ ነው። የዛሬው ቃል፦ ጉበት። ካለው ቃል ሁሉ! ጠዋት ሆዴን ያየችው ሐኪም «ጉበትዎ ብዙም አላማረኝም፤ የደሙን ውጤት ረቡዕ መጥተው ይስሙ» ብላኛለች። አላማረኝም... ምን ማለት ነው? ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ጥር 6
አልሄድኩም። ሥራ በዛ። (ውሸት።) ቃሉን ሳልጨርስ ውጤት አልሰማም ብዬ ለራሴ ማልኩ።
ጣሊያኑ ፌጋቶ፣ ስፔኑ ኢጋዶ፣ ፈረንሳዩ ፏ ይለዋል። የሁሉም አባት ላቲኑ ፊካቱም፦ «በበለስ የተቀለበ»። ሮማውያን ዝይ በበለስ እየቀለቡ ያበጠ ጉበቷን ይበሉ ነበር። የጉበት የጥንት ስሙ ተረሳ፤ የወጥ ቤቱ ስም ነገሠ።
እራት ላይ ባለቤቴ «ኧረ ጨምር፣ በሞቴ!» አለችኝ። ጨመርኩ። ዝይዋንም እንዲህ ነበር የጀመሯት?

አርብ፣ ጥር 8
ጣሊያን ደፋሩን «ጉበት አለው» ይላል። እኛ «ሐሞት አለው»። የኔ ሐሞት ፈሷል፣ ጉበቴ አላማረም። በምኔ ልድፈር?

ሰኞ፣ ጥር 11
አለቃዬ ጠራኝ።
«ወንድሜ፣ ሌላው ቃል ሁሉ ግማሽ ገጽ ነው። ጉበትን ስድስት ገጽ ያደረገው ማነው?»
«ጥልቀት ይፈልጋል፣ ጋሼ።»
«የዝይዋን ኑዛዜ ብቻ ነው ያልጻፍከው! ነገ ጨርስ።»
መጨረሱማ መች ጠፍቶኝ... ከጨረስኩ በምን አመካኛለሁ?

ማክሰኞ፣ ጥር 12
ጉዴ ፈላ። ከሐኪም ቤት እቤት ደወሉ፤ ስልኩን ባለቤቴ አነሳች።
«አንተ ሰውዬ፣ የምን ውጤት ነው ያልወሰድከው?»
ስለ ሮማውያን ጀመርኩላት። አላስጨረሰችኝም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ተነስ» አለች። ተነሳሁ። መንገዱን ሙሉ እጄን ጨምድዳ ይዛኝ...
ሐኪሟ አየችኝ። «ጋሼ፣ ምነው ጠፉ? ጉበትዎ ስብ ይዟል። ክፉ ነገር የለውም፣ ምግብ ከቀነሱና ከተራመዱ ይመለሳል። ችላ ቢሉት ግን...»
የቀረውን ባለቤቴ ጨረሰችላት። በኔ ላይ።

ሐሙስ፣ ጥር 14
ጉበት ግማሽ ገጽ ሆኖ ለአለቃዬ ገባ። ትናንት እራት ላይ ማንም ጨምር አላለኝም። አሁን ተራው «ጉንፋን» የሚለው ቃል ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ያስነጥሰኛል... ለባለቤቴ ወዲያው ደወልኩላት።