ለስፌት ሳልተው የቆረጥኩት

እታለሜ፣ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ፣ ያ ስታጎነብሺ ቀስፎ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ? አባባ ጉልበቱን ተሻለው? ልጆቹስ አደጉ? ሁላችሁንም በሐሳቤ አንድ በአንድ እየዞርኩ ስሜያችኋለሁ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን አንቺን ምን ብዬ እዋሽሻለሁ? አካሌ ደህና ነው። እኔ ግን ጉድ ሆኛለሁ፣ እህቴ።

የምጽፍልሽ እዚሁ ስፌት ቤት፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ሌሎቹ ምሳ ወጥተዋል። አስር ሰዓት ላይ አንድ ሰው ይመጣል፤ እስኪመጣ ድረስ እጄ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብዕር ይያዝ ብዬ ነው።

ሰውየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። ከወር በፊት የሟቿን ቀሚሶች በሁለት ሻንጣ ይዞ መጣና፣ ልጄ ልታገባ ነው፣ እናቷ ባትኖርም እናቷን ለብሳ ትተኛ አለን። ቀሚሶቹ ተቆራርጠውና ተገጣጥመው አንድ ትልቅ የአልጋ ልብስ እንዲሆኑለት ነው። እሷ ያልለበሰችው ጨርቅ እንዳይገባበት ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀን። አሠሪያችን፣ ሜትሯን ከአንገቷ ስለማታወርድ እትዬ ሜትር የምንላት፣ ሥራውን ለእኔ ሰጠችኝ። እስከዚያ መስፋት እንጂ መቁረጥ ተሰጥቶኝ አያውቅም። እንዴት እንደኮራሁ ብታዪ!

ንድፉ ላይ ትንሿ ቁራጭ አስር በአስር ሳንቲ ሜትር ትላለች። አራቷ ተገጥማ አንድ ካሬ ትሆናለች፤ ካሬዎቹ ወደ ጎን አስር፣ ወደ ታች አስራ ሁለት ናቸው። እኔም ልክ እንደተጻፈው አስር በአስር እያደረግኩ አራት መቶ ሰማንያ ቁራጭ ቆረጥኩ። አየሽው ስህተቱን? አንቺም ብትሆኚ ትሳሳቺ ነበር፤ ያሳደገችን እጅ አንድ ናት። እምዬ "አንድ ስንዝር ቁረጪ" ስትለን እኮ ለስፌት የሚገባው በውስጡ አለ። እሷ የምትነግረን ሁልጊዜም የመቀሱን ልክ ነበር። እዚህ ግን የሚጻፈው ተሰፍቶ ሲያልቅ የሚታየው ነው፤ የስፌቱን ቆራጩ ራሱ ይጨምራል። ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም ሊነግረኝ አላሰበም። እኔም የማውቅ መስሎኝ አልጠየቅኩም። ምን ዓይነት ድፍረት ነው!

በየጠርዙ ሦስት ሩብ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በሁለቱ ወገን አንድ ተኩል። ስለዚህ አስራ አንድ ተኩል አድርጌ መቁረጥ ነበረብኝ። ትናንት የመጀመሪያውን ረድፍ ገጥሜ ስለካው፣ ሁለት ሜትር መሆን የነበረበት አንድ ሜትር ከሰባ ሆኖ አገኘሁት። ክው ብዬ ቀረሁ። ርዝመቱም ሁለት ሜትር ከአርባ ይሆናል ሲባል ሁለት ሜትር ከአራት ላይ ሊቀር ነው። አንድ ተኩል ምን አላት? ጥፍር ናት። ሃያ ቁራጭ ላይ ስትደመር ግን ሠላሳ ሆነችብኝ። የተረፉትን ኮሌታዎችና እጅጌዎች ሁሉ ደርድሬ ለካሁ፤ የጎደለውን ግማሽ እንኳ አይሞሉም።

እትዬ ሜትር ስነግራት ጮኸች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከቀሚሶቹ ሰማያዊውን የሚመስል ጨርቅ ገበያ ሞልቷል፣ ማን ያውቅብናል አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ከጅሎ ነበር። ግን አንቺ በደብዳቤሽ የእምዬን ቀሚሶች ልልክልሽ ነው፣ ቆራርጠሽ ብርድ ልብስ ስፊባቸው ያልሽኝ ትዝ አለኝ። እኔ ቀብሯ ላይ ያልቆምኩ ልጅ ነኝ። የማንም ያልሆነ ጨርቅ እናትሽ ናት ተብሎ ቢሰጠኝስ? አልቻልኩም።

እታለሜ፣ ሰውየው አሁን መጥቶ ሄደ። ነገርኩት። ሜትሩን ዘርግቼ የጎደለውን አሳየሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ቁራጮቹን እያነሳ፣ ይህ ልጃችንን ስታረግዝ የለበሰችው ነው፣ ይህን እኔ ነኝ የገዛሁላት እያለ ቀስ አድርጎ መለሳቸው። ለአንድ ሰው ይበቃል፣ እኔ ግን ያዘዝኩት ለሁለት ነበር አለ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ። እንዳለ ስፊው፣ ለልጄ ግን እኔ አልነግራትም፣ ቅዳሜ አመጣታለሁ፣ አንቺው ትነግሪያታለሽ ብሎኝ ወጣ።

ምን ብዬ ልንገራት? እናትሽን አሳጠርኩብሽ ልበላት? ሥራውስ ይቅር፣ እትዬ ሜትር ታባርረኝ፣ ሌላ ቦታ እሰፋለሁ። የዚያችን ልጅ ዓይን ግን እንዴት አድርጌ አያለሁ? አንቺ አጠገቤ ብትኖሪ ተደብቄብሽ አለቅስ ነበር። እዚህ ማልቀሻ እንኳ ስፍራ የለኝም፤ ጨርቁ ላይ እንባ እንዳይነካ እየሸሸሁ ነው የማለቅሰው።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢለት። አናጢው ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ እሱ እንኳ እንጨት ሲቆርጥ ትርፍ ይተዋል። ትልቁን ልጅሽን፣ ያችንም ቁንጥንጥ ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

የእምዬን ቀሚሶች ነገር፣ አደራሽን መቀስ እንዳይነካቸው። አንዱን ብቻ፣ ያን ደረቱ ላይ መርፌዋን የምትሰካበትን፣ እንዳለ ላኪልኝ። አልቆርጠውም። እለብሰዋለሁ።

ታናሽሽ
ከመቁረጫው ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን