የኖርም ወንበርና የማሽኑ ሆድ

ለእህቴ ለዊኒ፣

ከነቤተሰብሽ እንደምን ከርመሻል? ያ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የእናንተ አገር ብርድ ክፉ ነው ሲሉ እሰማለሁና ሹራብሽን አትርሺ። እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስልም ታግሰሽ አንብቢው። ሚስቴ ዱልሲ ካረፈች ወዲህ የሚጽፍልኝ የለም፤ ለምኜም አላስጽፍም።

ዊኒ፣ ዋንጫውን ወሰድን! ዱልሲ ዕድሜ ልኳን የተመኘችውን፣ የተፎካካሪያችን የበራሎ ክለብ ሰዎች ሲያሾፉብን የኖሩበትን፣ በሣር ላይ የምናንከባልላትን ኳስ ዋንጫ! ግን ቡድኔ ከፍጻሜው በፊት ሊፈርስብኝ ነበር።

ከቡድኔ ሰዎች አንዱ፣ ኖርም፣ ክለቡ ውስጥ የቁማር ማሽን ሲጫወት ቆይቶ ቢራ ሊያመጣ ተነሣ። እንደ ደንባችን ማንም እንዳይቀመጥ ወንበሩን ማሽኑ ላይ አስደግፎ ሄደ። ሌላው የቡድናችን ሰው ስታን መጣና ወንበሩን አቅንቶ ተቀመጠ። አንዴ ቁልፉን ቢጫን ትልቁ ገንዘብ ወጣለትና ደወሉ ቤቱን አናወጠው። ኖርም፣ «እኔ ሳበላው ውዬ አንተ ታልበዋለህ? ሌባ!» አለው። ስታንም «ማሽኑን አግብተኸዋል እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። ከዚያ ወዲያ ኖርም ስታን ካለ አልጫወትም አለ።

እኔ ታውቂኛለሽ፣ አለቅም። ማሽኖቹን የሚጠግነውን ዝቮንኮን ከፍቶ እስኪያሳየኝ ነዘነዝኩት። ሆዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ነገር ሰው ኖረም አልኖረም ያለ ዕረፍት ቁጥር ታወጣለች። ስትጫኚ የዚያችን ቅጽበት ቁጥር ትይዣለሽ፤ በቃ፣ ነገሩ አልቋል። የሚሽከረከሩት ሥዕሎች ያለቀውን ነው የሚያሳዩት። ማን ስንት እንዳበላት አታስታውስም፣ «አሁንስ ይድረሳቸው» አትልም። ክለቡ ደግሞ ውሎ አድሮ እንዳይከስር አስቀድሞ ተሰልቷል።

ለኖርም ብነግረው «አንተ ደግሞ መሐንዲስ ሆንክ?» አለኝ። ሁለቱንም ጠርቼ ካርታ አወጣሁ። «ማሽኑ እኔ ነኝ፤ እኩል ‹አቁም› በሉኝ» ብዬ ሳላቋርጥ መገልበጥ ጀመርኩ። ቢሞክሩ ቢሞክሩ እኩል መጮኽ አቃታቸው። አንዱ ሌላውን በትንፋሽ ይቀድመዋል፣ በመካከሉ ካርታው አልፏል።

ኖርም ጢሙን እያሻሸ፣ «እኔ ብቀመጥ ኖሮ ያ አይወጣልኝም ነበር ማለት ነው?» አለ።

«በስታን ቅጽበት ካልተጫንክ ከየት ይወጣልሃል?» አልኩት።

ስታን መሬት መሬት እያየ፣ «ወንበሩን መንካቴ ግን ነውር ነበር» አለ።

«እሷን ቃል ስጠብቅ ነው የከረምኩት፣ አንተ ደረቅ!» አለው ኖርም።

በፍጻሜው ዕለት የመጨረሻዋን ኳስ ኖርም ነው ያንከባለላት። ስታን ከወዲያ ማዶ ተንበርክኮ «ነይ፣ ነይልኝ!» እያለ ጠራት፤ መጣችለት። በራሎዎችን አሸነፍናቸው።

የዱልሲን ወንበር ካረፈች ጀምሮ ማንም እንዳይቀመጥበት ጠረጴዛው ላይ አስደግፌው ነበር። ዋንጫውን ይዤ ቤቴ ስገባ አቀናሁትና አስቀመጥኩበት።

ባልሽን አልበርትን ሰላም በይልኝ፤ «ዛሬ ተራዬ ደርሷል» እያለ ማሽን ላይ እንዳይጣድ ንገሪው። ጆአንን ከነሕፃኗ ሳሚልኝ። ያቺን ነዝናዛ አማትሽንም፣ በሕይወት ካለች፣ ሰላም ብያለሁ።

ያሸነፈው ወንድምሽ ክላውድ
ኩላምባ፣ ማርች 12 ቀን 1994